ማይፓይ ሲዘገይ፦ የፓይተን ኮድ የዓይነት ፍተሻን ደረጃ በደረጃ ማፍጠን

ማይፓይ የፓይተንን ኮድ ሳያስኬድ፣ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ የዓይነት ስህተቶችን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ቁጥር የሚጠብቅ ፈንክሽን ጽሑፍ ሲሰጠው፣ ባዶ ሊሆን የሚችል እሴት ሳይጣራ ሥራ ላይ ሲውል፣ ስሙ የተቀየረ መስክ በአንድ የተረሳ ፋይል ውስጥ በአሮጌ ስሙ ሲጠራ፣ ማይፓይ ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይናገራል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ፍተሻው ደጋግሞ ሲደረግ ነው። ፕሮጀክቱ ትንሽ ሳለ በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቅ የነበረው ፍተሻ ኮዱ ሲበዛ ደቂቃዎችን መብላት ሲጀምር፣ ባለሙያው መጀመሪያ በየኮሚቱ (ለውጥ በመዘገበ ቁጥር) ማስኬዱን ይተዋል፤ ቀጥሎ በቀን አንዴ ብቻ ያስኬደዋል፤ በመጨረሻም ሲአይ (ኮድ በተላከ ቁጥር ፍተሻዎችን በራሱ የሚያስኬደው አገልግሎት) ላይ ቀይ ምልክት እስኪያይ ድረስ ጭራሽ ይረሳዋል።

ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቡድን ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር። መፍትሔ ብለን የያዝነው ፎልደሮችን አንድ በአንድ ከፍተሻው ማስወጣት ሲሆን፣ ጊዜው በጥቂቱ ቢቀንስም ካስወጣናቸው ፎልደሮች በአንዱ ውስጥ ማይፓይ በቀላሉ ይይዘው የነበረ ስህተት አልፎ እስከ ተጠቃሚዎቻችን ደረሰ። የመዘግየቱ ምክንያት በኋላ ሲገኝ ከኮዱ ብዛት ጋር ብዙም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ተርሚናሉ፣ ኤዲተሩና ከኮሚት በፊት የሚሠራው ማጣሪያ ማይፓይን እያንዳንዳቸው በተለያየ ምርጫ ይጠሩት ስለነበር፣ አንዱ ያስቀመጠውን ውጤት ሌላው እየጣለ ሁሉም በየተራቸው ከባዶ ይጀምሩ ነበር። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ተሞክሮ ነው። ማይፓይ በሚዘገይበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው አንዴ የጨረሰውን ሥራ እንደገና እንዲሠራ ስለምናስገድደው ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት የድግግሞሹ ምክንያት ነው እንጂ የሚቀነስ ፍተሻ አይደለም።

ከዚህ በታች የትእዛዞችና የምርጫዎች ስም እንደሚነበበው በፊደላችን ተጽፏል። ተርሚናል ላይ ረጃጅሞቹ ምርጫዎች ከፊታቸው ሁለት ሰረዝ ይፈልጋሉ፤ በቅንብር ፋይል ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የፊቱ ሰረዝ ይቀርና ቃላቱ በታችኛው ሰረዝ ይያያዛሉ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ልኬት መውሰድ

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ጊዜውን ይለኩ። በሊኑክስና በማክ ላይ ከማይፓይ ትእዛዝ በፊት «ታይም» የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል። የመጀመሪያው ልኬት ከባዶ የሚጀመረው ፍተሻ ነው፤ በፕሮጀክቱ ሥር የሚገኘውንና ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን የማይፓይ ካሽ (የቀድሞ ውጤቶች ማስቀመጫ) ፎልደር አጥፍተው ያስኪዱ። ሁለተኛው፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳይቀይሩ ወዲያው ደግመው የሚያስኬዱት ነው። ሦስተኛው ልኬት የሚወሰደው ብዙ ሞጁሎች (ሌሎች የፓይተን ፋይሎች) በሚጠቀሙበት አንድ ፋይል ውስጥ ትንሽ ለውጥ ካደረጉ በኋላ ነው፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ቢያደርጉት ይመረጣል፣ አንዴ የፈንክሽኑን ውስጠኛ ክፍል ብቻ ቀይረው፣ አንዴ ደግሞ የሚቀበለውን ወይም የሚመልሰውን ዓይነት ቀይረው።

እነዚህ ልኬቶች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ በሽታው የት እንዳለ ያሳያሉ። ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ጋር የተቀራረበ ከሆነ ካሹ ሥራ ላይ እየዋለ አይደለም ማለት ነውና ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ። ሁለተኛው ፈጣን ሆኖ ሦስተኛው ከዘገየ ችግሩ ያለው ሞጁሎቹ በተሳሰሩበት መንገድ ላይ ነው፤ ይህ በደረጃ 5 ተብራርቷል። ሁለቱም ፈጣን ሆነው የሚያስቸግረው ከባዶ የሚጀመረው ብቻ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ማሽን ደህና ነው፤ ጊዜ የሚባክነው ሲአይ ላይ ነው።

የፈንክሽኑን ውስጠኛ ክፍልና ፊርማውን (የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ዓይነት) ለይተን የምንለካበት ምክንያት አለ። ማይፓይ ለእያንዳንዱ ሞጁል ወደ ውጭ የሚታየውን ገጽታ፣ ማለትም የክላሶቹን፣ የፈንክሽኖቹንና የተለዋዋጮቹን ዓይነት፣ አጠቃልሎ አሻራ ያወጣለታል። ሞጁሉ ተቀይሮ አሻራው ካልተቀየረ፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱትን ሌሎች ሞጁሎች ዳግም መፈተሽ አያስፈልግም። በመሆኑም አንድ ሂሳብ በሚሠራ ፈንክሽን ውስጥ አንድ መስመር ሲቀየር ተፈትሾ የሚያልቀው ያ ሞጁል ብቻ መሆን ይገባዋል፤ የፈንክሽኑ መልስ ከሙሉ ቁጥር ወደ አስርዮሽ ሲቀየር ግን ፈንክሽኑን የሚጠሩት ሁሉ ይታያሉ። በእርስዎ ፕሮጀክት የውስጠኛው ክፍል ለውጥ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎችን ዳግም የሚያስፈትሽ ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

ደረጃ 2፦ የተጫነው ማይፓይ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ

ይህ አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። ማይፓይ የተጻፈው በራሱ በፓይተን ነው። የፓይተን ጥቅሎች ማከማቻ በሆነው ፓይፒአይ ላይ ለተለመዱት ማሽኖች የሚቀርበው ግን ማይፓይሲ በተባለው ኮምፓይለር ወደ ሲ ቋንቋ ተቀይሮ የተዘጋጀ ነው። ድሮፕቦክስ የተባለው ኩባንያ ከ4 ሚሊዮን በላይ የፓይተን መስመሮቹን በማይፓይ ማስፈተሹን በ2019 ሲገልጽ፣ ማይፓይን በዚህ መንገድ ኮምፓይል ማድረግ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት እንዳስገኘለት አብሮ ተናግሯል። ስለዚህ ኮምፓይል ያልተደረገውን ይዞ ሌላ ማስተካከያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ማይፓይን «ቨርዥን» ከሚለው ምርጫ ጋር ሲጠሩት ከቁጥሩ ቀጥሎ ኮምፓይል መደረግ አለመደረጉን በቅንፍ ይጽፋል። መልሱ አልተደረገም ከሆነ፣ ወይ ከምንጭ ኮዱ በቀጥታ ተጭኗል፣ ወይ ለያዙት የፓይተን ስሪት ወይም ለማሽኑ ዓይነት የተዘጋጀ ጥቅል ስላልተገኘ የመጫኛ መሣሪያው ፒፕ ተራውን ፓይተን ወስዷል። ፒፕን አሻሽለው ዳግም ይጫኑት፤ በኮንቴይነር ውስጥ ከሆነም የተለመደ የሊኑክስ ኢሜጅ ይጠቀሙ።

እግረ መንገድዎን ስሪቱንም ያሻሽሉ። የ1.18 ስሪት አዘጋጆች ማይፓይ ራሱን ሲፈትሽ ከ1.17 ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ የሚሆን መፋጠን መገኘቱን አስታውቀዋል። ከ1.13 ጀምሮ ደግሞ ካሹን የሚያነብበትንና የሚጽፍበትን መንገድ ኦርጄሰን በተባለው ፈጣን ላይብረሪ መተካት ይቻላል፤ ማይፓይን በፒፕ ሲጭኑ ከስሙ ቀጥሎ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ፋስተር ካሽ» የሚለውን ተጨማሪ ማስገባት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ካሹ ለምን እንደሚጣል መፈለግ

ማይፓይ አንድ ሞጁል ፈትሾ ሲጨርስ የደረሰበትን ውጤት በካሽ ፎልደሩ ውስጥ፣ በፓይተን ስሪት ለይቶ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ በመጀመሪያ የፋይሉን መጠንና የተቀየረበትን ጊዜ ይመለከታል፤ ጊዜው ከተለየ ወዲያው አይጥለውም፣ የይዘቱን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) አስልቶ ከድሮው ጋር ያነጻጽራል፣ ይዘቱ አንድ ከሆነም የቀድሞውን ውጤት ይቀበላል። ለዚህ ነው ከጊት አዲስ የወረደ ኮድ የሁሉም ፋይል ሰዓት ቢቀየርም ካሹ የሚያገለግለው።

ካሹን በእርግጥ የሚያስጥሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የማይፓይ ስሪት፣ የተጫኑት ፕለጊኖች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፍተሻው ውጤት ላይ ለውጥ የሚያመጡት ምርጫዎች ናቸው። ጥብቅነትን የሚወስኑት፣ ያልተገኙ ኢምፖርቶችን ዝም የሚያሰኙት፣ የሌላ ሞጁል ኢምፖርት እንዴት እንደሚከተል የሚያዝዙት ምርጫዎች ከቀድሞው ሲለዩ፣ የተቀመጠው ውጤት በሌላ ሕግ የተገኘ ስለሆነ ማይፓይ አያምነውም። ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አንዱን ፕሮጀክት በሦስት ሕግ የምናስፈትሽ እኛ ነን።

ችግሩን በዓይን ለማየት ማይፓይን በአንድ ሰረዝና «ቪ» በሚለው ፊደል ያስኪዱት። ረጅም መዝገብ ይወጣል። በውስጡ የሞጁሉ መረጃ መጣሉን የሚናገር፣ ምክንያቱንም ምርጫዎቹ መለያየታቸውን አድርጎ የሚጠቅስ መስመር ከበዛ በሽታው ታውቋል። እኛ ይህን መስመር መጀመሪያ ያየነው ከባዶ ባልጀመረ ፍተሻ መዝገብ ላይ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሞጁላችን አንድ ጊዜ ተጽፎ ገጽ በገጽ ሞልቶት ነበር።

መድኃኒቱ ምርጫዎችን በሙሉ ከትእዛዝ መስመሩ አውጥቶ በአንድ የቅንብር ፋይል፣ ማለትም በማይፓይ ኢኒ ወይም በፓይፕሮጀክት ቶምል ውስጥ ማስፈር ነው። ከዚያም ማይፓይን የሚጠራ ማንኛውም ነገር ያለ ተጨማሪ ምርጫ እንዲጠራው ያድርጉ። ኤዲተርዎ የራሱን ምርጫ በስውር እንደሚጨምር ይጠርጥሩ፤ የማስፋፊያውን ቅንብር ከፍተው ለማይፓይ የሚሰጠውን ዝርዝር ይመልከቱ። በእርግጥ ሁለት ዓይነት ፍተሻ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ አንዱን ኮድ ለሊኑክስም ለዊንዶውስም የሚያስፈትሹ ከሆነ፣ «ካሽ ዳይር» በሚለው ምርጫ ለእያንዳንዱ የየራሱን ፎልደር ይስጡት።

ከኮሚት በፊት ስለሚሠራው ማጣሪያ ለየት ያለ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፕሪኮሚት በተባለው መሣሪያ በኩል የሚገኘው ዝግጁ የማይፓይ ማያያዣ፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ያልተገኙ ኢምፖርቶችን ችላ የሚል ምርጫ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ከእርስዎ ቅንብር ጋር ተለያይቶ ካሹን ያስጥላል። ከዚህም ሌላ የሚሠራው በራሱ በተለየ አካባቢ ውስጥ ነው፤ ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች እዚያ ስለሌሉ ከእነሱ የሚመጣውን ዓይነት ሁሉ «ኤኒ» አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህም ማለት ያለ ፍተሻ ያሳልፈዋል። የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ ስለሚሰጠውም፣ የቀየሩት ፈንክሽን በሌላ ፋይል ውስጥ ያበላሸውን አያይም። የኔ ምክር ይህን ማያያዣ ትቶ፣ «ሎካል» በሚባለው መንገድ በፕሮጀክቱ አካባቢ የተጫነውን ማይፓይ የሚጠራ፣ የፋይል ስሞችን የማይቀበል ማያያዣ መጻፍ ነው። ፈጣንም ትክክለኛም የሚሆነው እሱ ነው።

ካሹ ጭራሽ ሳይቀመጥ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ማይፓይን በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ የሚያስኬዱና ኮንቴይነሩን ከሥራ በኋላ የሚያጠፉ ከሆነ ካሹም አብሮ ይጠፋል፤ ፎልደሩን ከውጭ በቮልዩም ያያይዙት። በዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በደብሊውኤስኤል ለሚጠቀሙ ደግሞ ኮዱ በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ከሊኑክስ በኩል ሲነበብ እያንዳንዱ ፋይል ይዘገያል፤ ካሹ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ሊሆን ስለሚችልም መዘግየቱ ይደራረባል። ፕሮጀክቱን ወደ ሊኑክሱ የራሱ ዲስክ ማዛወር ዋናው መፍትሔ ሲሆን፣ ካሹን በአንድ የመረጃ ቋት ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጠው «ኤስኪውላይት ካሽ» የሚባለው ምርጫም ዲስኩ ደካማ በሆነበት ማሽን ላይ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ መፈተሽ የሌለበትን መለየት

አንዳንድ ኮድ በእርግጥ መፈተሽ የለበትም፤ በማሽን የተጻፉ ፋይሎችና የዳታቤዝ ማይግሬሽኖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። «ኤክስክሉድ» የሚለው ምርጫ ለእነዚህ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሠራው ማይፓይ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ፋይሎችን ሲፈልግ ብቻ ነው። ያስወጡትን ፋይል ሌላ ፋይል ኢምፖርት ካደረገው ማይፓይ ተከትሎት ይሄዳል፤ ይፈትሸዋልም። ብዙዎች አስወጥቼው ሳለ ለምን ስህተት ያወጣብኛል ብለው የሚገረሙት በዚህ ነው።

ኢምፖርትን የመከተሉን ነገር የሚወስነው «ፎሎው ኢምፖርትስ» የሚባለው ምርጫ ነው። «ሳይለንት» ሲባል ስህተቱን አያሳይም እንጂ ሞጁሉን ያነበዋል፣ ይመረምረዋልም፤ ስለዚህ ጊዜ ይቆጥባል ብለው አይጠብቁ። «ስኪፕ» በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ግን ከዚያ ሞጁል የሚመጣውን ዓይነት ሁሉ ወደ «ኤኒ» ቀይሮ ነው። ከዚያ በኋላ የዚያን ሞጁል ክላስ በስህተት ቢጠቀሙበት፣ የሌለውን መስክ ቢጠሩበት፣ ማይፓይ ሁሉም ደህና ነው ይልዎታል። ለጠቅላላው ፕሮጀክት «ስኪፕ» ማድረግ ፍተሻውን ከማጥፋት ብዙም አይለይም፤ ይህን ደግሜ የምናገረው በመረቡ ላይ በምክር መልክ ሲተላለፍ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። በማሽን ለተጻፈ፣ እጅግ ለገዘፈና ዓይነቱ ለማንም ለማይጠቅም አንድ ሞጁል ብቻ ለይቶ ማድረግ ግን ተገቢ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የኢምፖርት ቀለበቶችን መፍታት

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ትልቁ ጥቅም የሚገኘውም ከዚሁ ነው።

ማይፓይ ሞጁሎችን የሚፈትሸው በመደዳ አይደለም። ማን ማንን ኢምፖርት እንደሚያደርግ ካርታ ይሠራና፣ እርስ በርስ የሚጠራሩትን በአንድ ቡድን ያስቀምጣል። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን የሚጠራ ከሆነ ከሦስቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚታወቅ ሊወሰን ስለማይችል ሦስቱ እንደ አንድ ሞጁል ተቆጥረው አብረው ይፈተሻሉ። መዘዙ እዚህ ላይ ነው፤ ከቀለበቱ ውስጥ አንዱ ከተቀየረ ለውጡ የፈንክሽን ውስጠኛ ክፍል ላይ ብቻ ቢሆንም ቀለበቱ በሙሉ ዳግም ይሠራል። ሦስት ሞጁል ቢሆን አያሳስብም ነበር፤ ነገር ግን ቀለበቶች አንዱ አንዱን እየያዘ ሲሰፋ የፕሮጀክቱን ግማሽ የሚውጥ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ይፈጠራል።

በቅርብ እንየው። የንግድ ፕሮግራም ውስጥ የደንበኛ ሞጁልና የትዕዛዝ ሞጁል አሉ እንበል። የትዕዛዝ ክላስ ባለቤቱን የሚያመለክት መስክ ስላለው የደንበኛን ሞጁል ኢምፖርት ያደርጋል። የደንበኛ ክላስ ደግሞ የደንበኛውን ትዕዛዞች ዘርዝሮ የሚመልስ ፈንክሽን ስላለው የትዕዛዝን ሞጁል ኢምፖርት ያደርጋል። ፓይተን ሲያስኬደው የቀለበት ስህተት ስለሚያወጣ፣ ጸሐፊው ሁለተኛውን ኢምፖርት «ታይፕ ቼኪንግ» በሚባለው ሁኔታ ሥር አስገብቶ ችግሩን ይፈታል። ፓይተንን በተመለከተ በእርግጥ ተፈትቷል፤ ማይፓይ ግን ያንን ሁኔታ ሁልጊዜ እውነት አድርጎ ስለሚወስደው ለእሱ ቀለበቱ እንዳለ ነው። ኢምፖርቱን ወደ ፈንክሽኑ ውስጥ ማውረድም ለማይፓይ እንዲሁ ነው። ቀጥሎ የክፍያ ሞጁል ትዕዛዝን ይጠራል፣ የደንበኛ ሞጁል ቀሪ ሂሳብ ለማሳየት ክፍያን ይጠራል፤ ቋጠሮው በዚህ መንገድ ማንም ሳያስተውለው ያድጋል።

መጠኑን ለማወቅ በደረጃ 3 ወዳየነው መዝገብ ይመለሱ። በአንድነት የሚፈተሹትን ቡድኖች የሚዘረዝሩ መስመሮች «ኤስሲሲ» የሚል ምሕጻረ ቃል ይዘው ይወጣሉ፤ ከአጠገባቸው የቡድኑ መጠንና የሞጁሎቹ ስም አለ። መጠኑ ትልቁ የሆነውን መስመር ፈልገው ስሞቹን ወረቀት ላይ ያስፍሩና ማን ማንን እንደሚጠራ በቀስት ያያይዙ። ብዙ ቀስት የሚገባበትና የሚወጣበት ሞጁል ጎልቶ ይታያል፤ መቆረጥ ያለበት ገመድም ብዙውን ጊዜ እሱ ጋ ነው።

ቀለበትን በእውነት የሚቆርጡት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን የዓይነት ፍቺ ማንንም ወደማይጠራ ሦስተኛ ሞጁል ማውጣት ነው፤ መለያ ቁጥሮች፣ የሁኔታ ዝርዝሮችና ትናንሽ የመረጃ ክላሶች ለዚህ ይመቻሉ። ሁለተኛው ፕሮቶኮልን መጠቀም ነው፤ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ የክፍያ ሞጁል የደንበኛን ክላስ በስሙ ከመጥራት ይልቅ ስምና ስልክ ያለው ማንኛውም ነገር ይበቃኛል ብሎ የሚፈልገውን ቅርጽ ብቻ እንዲናገር ያስችለዋል። ሦስተኛው ፈንክሽኑን ወደሚገባው ቦታ ማዛወር ነው፤ የደንበኛን ትዕዛዞች የሚዘረዝረው ፈንክሽን በደንበኛ ክላስ ውስጥ ሳይሆን በትዕዛዝ ሞጁል ውስጥ ቢቀመጥ ከላይ ያለው ቀለበት ወዲያው ይበጠስ ነበር። በግሌ መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ፍተሻውን ከማፍጠኑ ባሻገር ኮዱን ራሱን የሚያቃና ስለሆነ።

የፓኬጅ መግቢያ የሆነውን «ኢኒት» ፋይልም በጥርጣሬ ይዩት። ሁሉንም ንዑስ ሞጁሎች ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚያሳይ ከሆነና ንዑስ ሞጁሎቹም ስሞችን ከፓኬጁ መልሰው የሚወስዱ ከሆነ፣ ፓኬጁ በሙሉ አንድ ቀለበት ሆኗል ማለት ነው። በፓኬጅ ውስጥ ያለ ሞጁል ወንድሙን በቀጥታ ይጥራው፤ በመግቢያው በኩል አይዙር።

ደረጃ 6፦ አንድ ፋይል ብቻውን ሲከብድ

አልፎ አልፎ ቀለበትም የካሽ ችግርም ሳይኖር አንድ ፋይል ብቻውን ረጅም ጊዜ ይፈጃል። «ታይሚንግ ስታትስ» የሚለውን ምርጫ ከአንድ የፋይል ስም ጋር ሲሰጡት ማይፓይ ለእያንዳንዱ ሞጁል የወሰደውን ጊዜ እዚያ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ «ላይን ቼኪንግ ስታትስ» ደግሞ እስከ መስመር ድረስ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የዓይነት ማብራሪያ ያልተሰጠው፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈና በሺህ የሚቆጠር መስመር ያለው ዲክሽነሪ፣ ወይም የብዙ ዓይነቶች ድብልቅ የሆነ ረጅም ዩኒየን ነው። ዲክሽነሪው መረጃ ብቻ ከሆነ ወደ ጄሰን ፋይል ያውጡት፤ ኮድ ውስጥ መቆየት ካለበትም ግልጽ የዓይነት ማብራሪያ ይስጡት።

ደረጃ 7፦ ዲማይፓይን በየቀኑ ሥራ ላይ ማዋል

እስካሁን ያለው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም ተራው ማይፓይ በተጠራ ቁጥር ካሹን ከዲስክ አንብቦ ካርታውን እንደገና ይሠራል። ዲማይፓይ ይህን ያስቀረዋል፤ ከማይፓይ ጋር አብሮ የሚጫን ሲሆን፣ ከጀርባ እንደ አገልጋይ ሆኖ የፕሮጀክቱን ሁኔታ በራም ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። በሚጠራበት ጊዜ የተቀየረውን ብቻ፣ ያውም ከሞጁል ወርዶ እስከ ፈንክሽን ድረስ ለይቶ ይፈትሻል። የማይፓይ ሰነድ ራሱ ተከታታይ ፍተሻዎችን በ10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያፈጥን እንደሚችል ይገልጻል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። «ዲማይፓይ ራን» ይበሉ፤ ባዶ ቦታ ትተው ሁለት ሰረዝ ብቻ ያስገቡ፤ ከዚያም የሚፈተሸውን ፎልደር ይጻፉ። አገልጋዩ ካልተነሣ ያስነሣዋል፤ ምርጫዎቹ ወይም የማይፓይ ስሪት ተቀይሮ ከሆነ ራሱ አጥፍቶ ያስነሣዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ረጅም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልዩነቱን ራሱ ይናገራል። ኤዲተርዎንም ከኮሚት በፊት የሚሠራውን ማጣሪያም በዚሁ ትእዛዝ እንዲጠሩት ያድርጉ። በፕሮጀክቱ ሥር የሚፈጥረውን፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን የዲማይፓይ ጄሰን ፋይል ጊት ችላ እንዲለው ማድረግዎን አይርሱ።

ዋጋው ራም ነው። ስምንት ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ከብሮውዘርና ከዶከር ጋር አብሮ ሲያዝ ማሽኑ ሊጨነቅ ይችላል፤ «ታይምአውት» በሚለው ምርጫ የሰከንድ ቁጥር ሰጥተው ሥራ ሲፈታ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል። ሌላው፣ በራም ውስጥ ያለው ሁሉ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ፣ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው፣ አገልጋዩ በየጊዜው ከባዶ መነሣቱ ያታክታል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ ተራውን ማይፓይ «ካሽ ፋይን ግሬይንድ» ከሚለው ምርጫ ጋር አንዴ ያስኪዱት፣ ዲማይፓይን ደግሞ «ዩዝ ፋይን ግሬይንድ ካሽ» ብለው ያስነሡት፤ ዲስክ ላይ ካለው ካሽ ተነሥቶ ይቀጥላል። ሁለቱ እንዲግባቡ «ሎካል ፓርሻል ታይፕስ» የሚለውን በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ያብሩት፤ ዲማይፓይ ይህን ሳይጠየቅ ስለሚያበራው፣ ተራው ማይፓይ ካላበራው ምርጫቸው ይለያያል።

ደረጃ 8፦ ሲአይ ላይ ካሹን ማሻገር

ሲአይ በየጊዜው አዲስ ማሽን ስለሚሰጥ የካሽ ፎልደሩ በአንዱ ሥራ ማብቂያ ተቀምጦ በሌላው መጀመሪያ መመለስ አለበት። ጊትሃብ አክሽንስን ለሚጠቀሙ አንድ ወሳኝ ነገር አለ፤ በአንድ ቁልፍ የተቀመጠ ካሽ በዚያው ቁልፍ ሊታደስ አይችልም። ቁልፉን የላይብረሪዎችን ዝርዝር ከያዘው ፋይል ሃሽ ብቻ ከሠሩት፣ የመጀመሪያው ቀን ካሽ ሳይታደስ እያረጀ ይሄዳል፤ ኮዱ ከእሱ በራቀ ቁጥርም ጥቅሙ ይመነምናል። ስለዚህ በቁልፉ መጨረሻ ላይ የኮሚቱን መለያ ይጨምሩ፤ «ሪስቶር ኪስ» በሚለው ቦታ ደግሞ ያለ ኮሚት መለያ ያለውን መጀመሪያ ክፍል ይጻፉ፤ እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የቅርቡ ካሽ ይመጣል፣ አዲሱም በራሱ ስም ይቀመጣል። የመጀመሪያው ክፍል የፓይተንን ስሪት፣ የማይፓይን ስሪትና የላይብረሪዎቹን ፋይል ሃሽ ይያዝ።

ፍተሻው በዋናው ብራንች ላይም መሠራቱን ያረጋግጡ። አንድ ፑል ሪኩዌስት (ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የቀረበ ለውጥ) ያስቀመጠውን ካሽ ሌላው ፑል ሪኩዌስት ሊያየው አይችልም፤ ሁሉም ሊያዩት የሚችሉት የዋናውን ብራንች ካሽ ነው። ፍተሻው በፑል ሪኩዌስቶች ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከሆነ እያንዳንዱ አዲስ ፑል ሪኩዌስት ከባዶ ይጀምራል፤ ብዙ ቡድኖች ካሽ አስገብተው ለውጥ ያላዩት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም በየሌሊቱ ወይም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ያለ ካሽ ከባዶ የሚጀምር ሙሉ ፍተሻ በዋናው ብራንች ላይ እንዲሠራ ቀጠሮ ይያዙለት፤ በሊኑክስ ላይ «ካሽ ዳይር» የሚለውን ምርጫ ወደ ባዶው መሣሪያ፣ ወደ «ዴቭ ነል» ማመልከት ካሹ እንዳይነበብም እንዳይጻፍም ያደርጋል። ውጤቱ በካሽ ከተደገፈው ፍተሻ ከተለየ የቁልፉን መጀመሪያ ክፍል በአንድ ቁጥር ከፍ አድርገው አሮጌውን ካሽ ከሥራ ያስወጡት። ጊዜውንም በዚያው ይመዝግቡ፤ ከባዶ የሚጀመረው ፍተሻ ከወር ወር እየረዘመ ከሄደ አዲስ ቀለበት እየተቋጠረ ሊሆን ይችላልና የደረጃ 5ን መዝገብ ዳግም ይክፈቱት።